አንድ ታላ የጎደለው ቤት

ያን ዓመት በሰሜን ዓረቢያ በረሃ ክረምቱ በዝናብ ገባ። አሥራ አንድ ቀን ዘነበ። በአሥራ ሁለተኛው ቀን በረዶ ወረደ። በጎች በቆሙበት ደረቁ። ግመሎች ጉልበታቸውን አጥፈው እንደተኙ ቀሩ። የውሃው መኪና ሁለት ሳምንት አልመጣም። ዱቄት አለቀ፣ ማገዶ ረጠበ። ከመቶ አርባ በግ የተረፈው አርባ ስምንት ነበር። የበከተውን ሙስሊሙም አይበላው፣ ክርስቲያኑም አይበላው፤ ያን ክረምት የወፈሩት ውሾች ብቻ ናቸው።

የበጎቹ እረኛ ወልደአምላክ ይባላል። የመንዝ ሰው ነው፤ ያኔ ሃያ ስምንት ዓመቱ ነበር። አባቱ ባና ሠሪ ስለነበሩ ከጠጉርና ከፈትል ጋር አድጓል። ሚስቱን ከበቡሽንና የሁለት ዓመት ልጁን ውቢትን አገር ቤት ትቶ፣ ባሕር ተሻግሮ ነው እረኝነት የገባው። ፓስፖርቱ አሠሪው ኪስ ነበር። አሠሪው በበረዶው መካከል በፒክአፕ መጣ። ሬሳዎቹን እየዞረ አየ። ምንም ሳይናገር ተመለሰና ጠመንጃውን ከመኪናው አወረደ። ወልደአምላክ እግሬ አውጪኝ አለ።

ከኮረብታው ሥር የቤዱዊን ዘላኖች ጥቁር የጠጉር ድንኳን ነበር። ደርሶ የመካከሉን ምሰሶ በሁለት እጁ ጨበጠ። ዓረብኛው ገና ስብርባሪ ነው፤ ይህን ሕግ ግን እረኛ ሁሉ ያውቀዋል። የጠጉር ቤት ምሰሶ የጨበጠ ሰው የዚያ ቤት ሰው ነው፤ ምሰሶውን እስኪለቅ ማንም አይነካውም። ቤት የነበረችው ኡም ናይፍ፣ ማለትም የናይፍ እናት፣ አገጯ ላይ ሦስት ሰማያዊ የንቅሳት ነጥብ ያላት ሴት፣ ከትንሽ ልጇ ከናይፍ ጋር ብቻዋን ነበረች። ባሏ ገበያ ሄዷል። ከእሳቱ ዳር ሳትነሳ አሠሪውን አየችው። በጎችህን የፈጀው ብርድ ነው፣ ጠመንጃህን ወደ ሰማይ አዙር አለችው። ሰውዬው ደጅ ጥቂት ቆመና ሄደ። ሩቅ ግን አልሄደም፤ መኪናውን ከኮረብታው ማዶ አቁሞ ጠበቀ።

የእንግዳ ወጉ ሦስት ቀን ከሲሶ ነው። ወልደአምላክ እነዚያን ቀኖች እጁን አጣጥፎ መቀመጥ አልሆነለትም። ኡም ናይፍ መሬት ላይ ከዘረጋችው ድር ፊት ተቀምጦ ማግ ያቀብላት ጀመር። አመታቱን አሳየችው፤ በኋላ እሱም መታ። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ሴትዮዋ ወደ ጣሪያው ቀና አለች። የጠጉር ቤት ጣሪያ ታላ የሚባሉ፣ ከፍየል ጠጉር የተሸመኑ ረጃጅም ቁራጮች ጎን ለጎን ተሰፍተው የሚሠራ ነው። አዲሱ ታላ ከመሃል ይገባል፣ ያረጀው ወደ ዳር ይወጣል፤ ቤቱ እንዲያ እየታደሰ ይኖራል። ኡም ናይፍ የመሃሉን፣ አዲሱን ታላ፣ ስፌቱን በጣቷ ፈታ አወረደችው። የሠላሳ ፍየል ጠጉር፣ የአንድ ዓመት እጅ። ወልደአምላክ የሸማኔ ልጅ ነውና ምን እንደተሰጠው ገባው። ድንበሩ የሁለት ቀን የእግር መንገድ ነው። ያለ ታላው በዚያ ብርድ በሕይወት እንደማይደርስ ሁለቱም ያውቃሉ።

እመልሰዋለሁ ብሎ በጊዮርጊስ ማለላት።

«ቦታውን ክፍት አድርጌ እጠብቅሃለሁ» አለችው።

በሌሊት፣ አሠሪው ከሚጠብቅበት በተቃራኒ ወጥቶ ድንበሩን ተሻገረ። ታላው አተረፈው። በማግስቱ ለአንድ የጭነት መኪና ነጂ ሰጠው፤ ከተማ እንዲያደርሰውና ዳቦ እንዲያበላው። ይህን ለማንም አልተናገረም።

ሠላሳ ሦስት ዓመት አለፈ።

ወልደአምላክ አሁን ቨርጂኒያ ውስጥ፣ ስካይላይን ከሚባሉት ፎቆች በአንዱ አሥራ አራተኛው ላይ ከከበቡሽ ጋር ይኖራል። ሥራው አሌክሳንድሪያ፣ የባርናባስ ድንኳን ቤት ነው። ባርናባስ ጴንጤ ነው፤ ለሳቅ የፈጠነ፣ ለሥራ ደግሞ የባሰ የፈጠነ። ለሰርግ፣ ለምርቃት፣ ለለቅሶ ድንኳን ያከራያል። ለዓረብ ደንበኞቹ ጥቁር ፖሊስተር አስመጥቶ፣ ዳሩን ቀይና ነጭ ጥለት አስይዞ፣ በብረት ምሰሶ የሚቆም የበረሃ ቤት ይሸጥላቸዋል። ዚፕ አለው። የላስቲክ መስኮት አለው። የኤሲ ቱቦ የሚገባበት ቀዳዳም አለው። ዚፑን የሚሰፋው ወልደአምላክ ነው።

ልጁ ውቢት ሲልቨር ስፕሪንግ ሰው ቤት እየሄደች አረጋውያን ትንከባከባለች። በዐቢይ ጾም አንዲት የዓረብ አሮጊት ደረሰቻት። አሮጊቷ ክፍል ውስጥ አልቀመጥም ብላ ጓሮ ሣሩ ላይ እየወጣች ሁለት ጊዜ ወደቀች። ልጇ እንግዲያው ለጓሮው ድንኳን ልግዛላት አለ፤ ውቢትም አባቴ የድንኳን ሰው ነው አለችው። ነገሩ እንዲህ ተጀመረ።

ከፋሲካ በኋላ ባለው ዓርብ ወልደአምላክ ከሁለት ሠራተኞች ጋር ቤልትዌዩን ዞሮ ሲልቨር ስፕሪንግ ገባ። ባለቤቱ አርባውን ያለፈ መሐንዲስ ነው። ናይፍ እባላለሁ አለ። ወልደአምላክ ስሙን ሰማ፤ ናይፍ የሚባል ዓረብ ሞልቷል ብሎ ሥራውን ቀጠለ። ድንኳኑ አንድ ሰዓት ሳይሞላ ቆመ። ውቢት አሮጊቷን ደግፋ አወጣቻት።

ወልደአምላክ የብረቱን ምሰሶ እንደያዘ ቀረ። አገጯ ላይ ሦስት ሰማያዊ የንቅሳት ነጥብ አለ። ዐይኖቿ ነጭ ሆነዋል። እጇን ዘርግታ ጨርቁን ዳበሰችው፤ በጥፍሯ ጫረችው፤ ቀረብ ብላ አሸተተችው።

«ይህ ጃንጥላ ነው» አለች በዓረብኛ። «የእኔን ቤት አውጡልኝ።»

ናይፍ የደከመው ሰው ሳቅ ሳቀ። ለወልደአምላክ በእንግሊዝኛ አስረዳው። የእናቱ የጠጉር ቤት ከአገር መጥቶ በአራት የላስቲክ ሣጥን ቤዝመንት ተቀምጧል። ግን አይተከልም። ከመሃሉ አንድ ታላ ይጎድለዋል፤ ቦታው በጆንያ ተጥፎ ነበር፣ ጆንያውም በስብሷል። እናቱ ሌላ ታላ እንዲገባበት እንቢ ብላ ኖራለች። አባቱ በሕይወት ሳለ በዚህ ስንት ጊዜ ተጣልተዋል። ከዳር የሚያልቀውን ትሠራለች፣ ትተካለች፤ መሃሉን አትነካም። ታላውን የወሰደ ሰው አለኝ፣ ይመጣል ባይ ናት።

«አንድ ሐበሻ ወሰደው» አለ ናይፍ። ከዚያ ማንን እያናገረ እንደሆነ ትዝ አለውና ይቅርታ ጠየቀ፤ አንተን ማለቴ አይደለም አለ። ያኔ ዘጠኝ ዓመቱ ነበር። መኝታው ከክፍተቱ ሥር ነበር። ያን ክረምት ደረቱን ታመመ፤ እስከዛሬ ጸደይ በገባ ቁጥር መተንፈሻ ይዞ ይዞራል። ከኪሱ አውጥቶ አሳየው።

«እሷ ይመጣል ትላለች። እኔ ግን ቢመጣ በር አልከፍትለትም።»

ወልደአምላክ ፊቱን ወደ ምሰሶው አዞረ። ያን ቀን ከአፉ አንድ የዓረብኛ ቃል አላወጣም። ዐይን ቢጠፋ ጆሮ አይጠፋም።

ልለካው ብሎ ቤዝመንት ወረደ። ክዳኑን ሲከፍት ሽታው መጣ፤ ጭስ፣ ፍየል፣ ዝናብ። ክፍተቱን በክንዱ ለካ፤ አሥራ ስድስት ክንድ ከስንዝር። የታላዎቹን ዳር ዳበሰ። ስፌቱ የተፈታበት ቀዳዳ በቀዳዳ አሁንም አለ፣ የሚሰፋውን እንደሚጠብቅ። ሽቅብ ወጣና ለናይፍ የጠጉር ታላ አመጣልሃለሁ አለው። ናይፍ ከየት ብሎ ጠየቀ። እሠራዋለሁ አለ። ናይፍ እስካሁን ጠብቀናል፣ ሥራው፣ አልከለክልህም፤ ግን ቀን አለኝ አለ። በሰኔ ሃያ ስድስት ሐሙስ፣ በፈረንጆቹ በጁላይ ሦስት፣ እናቱ አሌክሳንድሪያ ወዳለ የአረጋውያን መኖሪያ ትገባለች። ሐኪሙ ከእንግዲህ ሌላ ውድቀት አትችልም ብሏል። መኪናው በአሥር ሰዓት ይመጣል። እዚያ ጓሮ የለም፤ አምስተኛ ፎቅ ነው።

ወልደአምላክ በጣቱ ቆጠረ። አሥር ሳምንት አልሞላም። የአንድ ዓመት ሥራ ነው።

ለከበቡሽ እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ሲመለሱ መኪና ውስጥ ነገራት። ምሰሶውንም፣ መሐላውንም፣ ሽያጩንም። ከበቡሽ ፓርኪንግ ሲገቡ ዞራ አየችው።

«ሠላሳ ሦስት ዓመት ይህን ይዘህ ነው ከጎኔ የተኛኸው?» አለችው። ቀበቶዋን ፈታች፤ በሩን ግን አልከፈተችም። «እንዝርቴ የት እንደገባ አላውቅም። ፈልግልኝ።»

የመጀመሪያውን ስሕተት የሠራው የመንዝ ልጅነቱ ነው። ሐበሻው ለፋሲካ ፍየል ከሚያሳርድበት የቨርጂኒያ እርሻ ቆዳ ተከምሯል፤ ማንም አይፈልገውም። ወልደአምላክ በነጻ ጫነው። አባቱ የታረደ በግ ጠጉር ከቆዳው ነቅለው ይሠሩ ነበር፤ እሱም ነቀለ። ገንዳ ውስጥ አጠበው፤ የቧንቧው ውሃ አልወርድ ብሎ የሕንፃው ጠጋኝ ሁለት ጊዜ ተጠራ፤ ሁለተኛውን ጊዜ ሰውዬው እዚህ ቤት ምንድን ነው የምታርዱት አለ። ከበቡሽ ከማኅበሯ ሁለት የመንዝ ሴቶች ጠርታ ሦስት ሳምንት ፈተሉ። ፈትሉ ለዐይን ያምራል። ድሩን ወጥሮ ሲያጠብቀው አንዱ ተበጠሰ። ቀጥሎ ሁለቱ። ከዚያ እንደ ደረቅ ሣር ረገፈ።

ያኔ ትዝ አለው። ኡም ናይፍ ማግ እየተቀበለችው ነግራው ነበር። ከቆዳ መንቀል ለበግ ያስኬዳል፣ ለፍየል አያስኬድም። የሞተ ፍየል ጠጉር ቤት አያቆምም፤ ከሕያው ፍየል የተሸለተ ብቻ ነው ቤት የሚሸከም። ነግራዋለች፤ እሱ ግን የአባቱን ሰማ። ሦስት ሳምንት ውሃ በላው።

ባርናባስ የተበጣጠሰውን አየና ጭንቅላቱን ነቀነቀ።

«ጋሽ ወልዴ፣ እኔ ልንገርዎት? ማሽኑ በአንድ ሰዓት አሥር ሜትር ይጥልልዎታል። ጥቁር ነው፣ ውሃ አያስገባም፣ ዋራንቲ አለው። እናትዬዋ ደግሞ አያዩም ብለዋል።»

«በእጇ ነው የምታይ።»

«እንግዲያው ጌታ ይርዳዎት። እኔ አልችልም።» ጥቂት ቆየና ስልኩን አወጣ። «ፍየል የሚያከራይ ሰው አውቃለሁ። እኔ ድንኳን አከራያለሁ፣ እሱ ፍየል ያከራያል። አሜሪካ ነው።»

እውነት ነበር። ሰውዬው ከፍሬድሪክ ከተማ ወዲያ ነው፤ ቁጥቋጦ ግጠው እንዲያጸዱ ጠጉረ ረጃጅም ጥቁር ፍየሎቹን በቀን ያከራያል። ለሙቀቱ ሊሸልታቸው እያሰበ ነበርና፣ ከሸለትክልኝ ጠጉሩን ውሰድ አለ። ወልደአምላክ ሁለት ቀን ሙሉ ተንበርክኮ ሃምሳ ሦስት ፍየል ሸለተ። አንዷ በቀንዷ ጎኑን ነረተችው። አራት ጆንያ ይዞ ተመለሰ። ሴቶቹ ፈተሉ፣ ደረቡ፣ አከረሩ። ይህኛው ሲወጠር ጮኸ እንጂ አልተበጠሰም።

ውቢት በየቀኑ ትደውላለች። አሮጊቷ መብላት ቀንሳለች። አሮጊቷ ዛሬ በአልጋ ዋለች። አንድ ቀን ነገሩን ሁሉ ነገራት። 

«አባዬ፣ ናይፍ ካወቀ ኤጀንሲውን ኮል ያደርጋል። የደንበኛ ቤት ውስጥ ቤተሰቤን ከተትኩ ማለት ነው። ላይሰንሴን ያጣሁ እንደሆነስ?»

እኔው ራሴ እነግረዋለሁ አላት።

«ከመቼ ወዲህ?» አለችና ዘጋችው።

ባርናባስ የመጋዘኑን የኋላ ወለል እስከ ጁን መጨረሻ ሰጠው። ሲሚንቶ ላይ ካስማ አይተከልም። ስለዚህ ድንኳን አስፋልት ላይ ሲቆም ንፋስ እንዳይወስደው የሚያስሩበትን የኮንክሪት ድንጋይ በሁለቱ ጫፍ አስቀምጦ ድሩን በመካከላቸው ወጠረ። በጉልበቱ እየሄደ መታ። በቀን አንድ ክንድ፣ ቢበዛ አንድ ክንድ ተኩል። ሲነጋጋ መጥቶ ይመታል፤ ከዚያ ዚፕ ይሰፋል፤ ከሥራ በኋላ ተመልሶ ይመታል። ጣቶቹ ተሰነጣጠቁ። ከበቡሽ በቅቤ አሸችለት፤ ቅቤው ፈትሉን እንዳይነካ ጓንት አለበሰችው። በመጨረሻው ቅዳሜ ባርናባስ ራሱን እያከከ መጣ። ለጁላይ አራት በዓል ትልቅ ድንኳን ታዟል፤ ወለሉ ይፈለጋል። የቀረው ሁለት ክንድ ነበር።

ዘላን ድሩን ጠቅልሎ ይጓዛል። ወልደአምላክም ጠቀለለው። ማክሰኞ ሲልቨር ስፕሪንግ ሄዶ የፖሊስተሩን ድንኳን ነቀለ፤ በቦታው አራት ካስማ ምድር ላይ መትቶ ድሩን ዘረጋ። ናይፍ ለሥራ ሲወጣ አየው። በእውነት ሠርተኸዋል እንዴ አለ። ጎንበስ ብሎ ነካው፤ እንደ መሐንዲስ ጠርዙን መረመረ፤ ደስም ያለው ይመስላል። ወልደአምላክ ቀና ብሎ ሊያየው አልቻለም።

ረቡዕ ከሰዓት በኋላ አሮጊቷ ሰማች። ድም፣ ድም የሚለውን ሰምታ ከአልጋዋ አውጪኝ አለች። ውቢት በወንበር ይዛት መጥታ ከድሩ ራስጌ አስቀመጠቻት። ናይፍም የመኖሪያውን ወረቀት ለመፈረም ቀደም ብሎ ገብቶ ነበር፤ ደረጃው ላይ ቆመ። ወልደአምላክ መምታቱን ቀጠለ። ስንዝር ቀርቶታል።

«ልቅ ነው» አለች አሮጊቷ። «ጎትተህ ምታ።»

ጎትቶ መታ።

ጆሮዋን ዘንበል አደረገች። አንድ ዙር ሰማች፤ ሁለት ዙር ሰማች። እጇን ጭኗ ላይ አድርጋ ከምቱ ጋር ታነሣ ታወርድ ጀመር። ከዚያ እጇ ቆመ።

«ይህን አመታት ማን አስተማረህ?»

 ውቢት አባቷን አየች። ወልደአምላክ ዝም ቢል ይችል ነበር። ዓረብኛ እንደማያውቅ ሆኖ ይቀር ነበር፤ ነገ ታላው ይሰፋል፣ ሴትዮዋ ትሄዳለች፣ የውቢትም እንጀራ ይተርፋል። መምቻውን መሬት ላይ አኖረ።

«እርስዎ ነዎት» አለ በዓረብኛ።

አሮጊቷ አልደነገጠችም። ፊቷን ወደ ድምፁ አዞረች፤ እንደዚያው ሆና ቀረች። ናይፍ ነው ከደረጃው የወረደው። ወረቀቱ እጁ ላይ ነው።

«ያ ሐበሻ አንተ ነህ?»

«እኔ ነኝ። ታላውን ድንበር ላይ ሸጥኩት። እሱን ላገኘው አልችልም። ይህ ሌላ ነው። ልጄ እዚህ ስታመጣኝ የምታውቀው ነገር አልነበረም።»

ናይፍ አልጮኸም። ዕቃህን ሰብስበህ ከግቢዬ ውጣ አለው፤ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ስለተናገረ የባሰ ነበር። ደረቱ ሲያፏጭ ይሰማል። ወልደአምላክ ካስማውን ሊነቅል እጁን ሰደደ።

«ናይፍ» አለች እናቱ። «እኔ የጠበቅሁት ታላውን ነው እንጂ ያንተን ፈቃድ አይደለም። ይጨርስ።»

ናይፍ ገብቶ በሩን ዘጋ። ወልደአምላክ ስንዝሩን ጨረሰ።

ሐሙስ ጠዋት አሮጌውን ቤት ሣሩ ላይ ዘረጋው። የበሰበሰውን ጆንያ ቆርጦ ጣለ፤ አዲሱን ታላ ከክፍተቱ አስገባ። ልኩ ልክ ነበር። በጆንያ መርፌ፣ በራሱ በጠጉሩ ክር፣ በዚያው በቀድሞው ቀዳዳ እየገባ ሰፋ። አንዱ ጎን እስከ ቀትር ወሰደ። ሁለተኛው እስከ ዘጠኝ ሰዓት። ናይፍ በመስኮት ያያል፤ አይወጣም። ባርናባስ ሰው ሊልክለት አልቻለም፤ ሠራተኞቹ ሁሉ ለበዓሉ ወጥተዋል። ወልደአምላክ ብቻውን ከመካከሉ ምሰሶ ሥር ገብቶ አነሣ። የጠጉር ቤት ከባድ ነው። እስከ ወገቡ አነሣውና ወደቀበት። እንደገና አነሣው፤ እንደገና ወደቀ። ውቢት ልትገባ ስትል ተዪ አላት፤ አንቺን ከገደለሽ ምን እላለሁ።

ጨርቁ ሥር ሆኖ የበሩን ድምፅ ሰማ። ከማዶው በኩል ሌላ ምሰሶ ሲንቀሳቀስ ተሰማው። ጫማውን አየ፤ የናይፍ ነው።

«አንድ፣ ሁለት» አለ ናይፍ።

አነሡት። ቤቱ ቆመ። ገመዶቹን ሲያስሩ አንዳች ቃል አልተለዋወጡም። አሮጊቷን ከነፍራሿ አምጥተው ከመሃል፣ ከአዲሱ ታላ ሥር አስተኟት። ሰዓቱ አሥር ሊሆን ሩብ ጉዳይ ነው። በምዕራብ በኩል ሰማዩ ጠቁሮ እንደ ድስት ተከድኗል።

ንፋሱ ቀድሞ መጣ። ወልደአምላክ የመካከሉን ምሰሶ በሁለት እጁ ያዘ፤ ገመዱ ገና አልተላመደም፣ ከለቀቀው ይወድቃል። ከዚያ ዝናቡ ወረደ። የጣሪያው ጠጉር ደርቆ ነበርና አስገባ። አንድ ጠብታ አሮጊቷ ግንባር ላይ ወደቀ። ሌላው ጉንጯ ላይ። ናይፍ ተነሣ፤ ፊቱ የዘጠኝ ዓመት ልጅ ፊት ሆኗል።

«ያፈሳል» አለ። «አሁንም ያፈሳል። ወደ ቤት አስገባታለሁ።»

ጎንበስ ብሎ ክንዱን ከሥሯ ሰደደ። ወልደአምላክ ምሰሶውን ለቅቆ ሊይዘው አልቻለም።

«ይጠጣ» አለው። «አዲስ ነው፣ አልጠጣም። ጥቂት ተወው፤ ይጠጣ።»

«የምን መጠጣት ነው? እናቴ ትሞታለች።»

«ናይፍ፣ አስቀምጠኝ» አለች አሮጊቷ። «ሰውዬው ያለህን አትሰማም?»

ናይፍ እንደተንበረከከ ቆየ። ጠብታው ቀጠለ፤ አንገቷ ላይ፣ እጇ ላይ። ወልደአምላክ ሽቅብ ያያል። የሞተ ፍየል ጠጉር አንድ ክር ገብቶ ከሆነ እዚያ ይታያል። ጠጉሩ ሲያብጥ አየው፤ በፈትልና በፈትል መካከል ይታይ የነበረው ብርሃን ጠበበ፣ ነጥብ ሆነ፣ ጠፋ። ጠብታው ዘገየ። አንዱ ታላው ሥር ተንጠልጥሎ ብዙ ቆየና ወደቀ። ከዚያ በኋላ ሌላ አልመጣም። ውጭ ዝናቡ እንደ ጎርፍ ይወርዳል። ናይፍ መዳፉን ወደ ላይ ገልብጦ ጠበቀ። መዳፉ ደረቅ ሆኖ ቀረ።

የመኖሪያው መኪና ነጂ ከአጥሩ በር ላይ ቆሞ ነበር፤ በዝናብ ልብሱ ተሸፍኖ ስም የተጻፈበት ወረቀት ይዟል። አሮጊቷ የጫማውን ድምፅ ሰምታ ማነው አለች። ናይፍ ጥቂት አመነታና አንቺን ሊወስድ የመጣው ሰው ነው አላት።

«ታዲያ ምን በዝናብ ያስደበድበዋል? ይግባ።»

ናይፍ ነጂውን በእንግሊዝኛ ጠራው። ሰውዬው ግራ ገብቶት ጎንበስ ብሎ ገባ፤ ውቢት ወንበር ሰጠችው። ናይፍ ወረቀቱን ተቀብሎት ሳያየው አጠፈና ኪሱ ከተተው። ዛሬ አይደለም፣ እንግዳ ነህ አለው።

አሮጊቷ እጇን ወደ ላይ ዘረጋች። አልደረሰም። ናይፍ አቅፎ አነሣት። ጣቶቿ ታላውን አገኙ፤ በስፌቱ ላይ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው፣ ቀዳዳ በቀዳዳ ሄዱ። አልቸኮለችም። ጠረገችው፤ አሸተተችው።

«የወንድ እጅ ነው» አለች። «አጥብቀኸዋል። ይላላል።»

 ንፋሱ አልፎ ነበር፤ ወልደአምላክ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን ምሰሶውን በሁለት እጁ ጨብጦ ቆሟል። ራሱ አላወቀውም። እሷ ትንፋሹ ከየት እንደሚመጣ ሰምታ አወቀች።

«ቤቴ ሞልቷል» አለችው። «ልቀቀው ልጄ። የሚያሳድድህ የለም።»

ናይፍ እናቱን አስተኛትና ተነሣ። መጥቶ ምሰሶውን ከወልደአምላክ እጅ በላይ ያዘ። ወልደአምላክ አንድ እጁን ለቀቀ፤ ቀጥሎ ሁለተኛውን።